ኢንሻአላህ የማይባልበት ዓረፍተ ነገር

ከመርሳ ወደ ግራና ሲሄዱ፣ ባጃጅ ደክሞት ከሚቆምበት ቦታ በላይ አንድ ጋራ አለ። ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሶ ስለሚያረፍድ፣ እንግዳ ሰው ሲያየው ጋራ ሳይሆን ገና ከእንቅልፉ ያልተነሳ ትልቅ ሰው ይመስለዋል። ጫፉ ላይ አንድ ደግ ሼህ ተቀብረዋል። ከመቃብራቸው እስከ ግርጌው ድረስ ወይራው፣ ዋንዛውና ዶቅማው ተቃቅፎ ቆሟል። እንዴት እስከ ዛሬ ቆመ ቢሉ፣ የሚቆርጠው ጠፍቶ ነው። ከሼሁ ጋራ ላይ ለጥርስ መፋቂያ እንኳ የቆረጠ ሰው ጥርሱ ይወልቃል ይባላል። በመንደሩ ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ ሁሉ እርጅና ነው ብሎ ቢምል ቢገዘት፣ ጎረቤቱ በሆዱ ሌላ ነገር የሚይዝበት ለዚህ ነው።

የጋራው ጠባቂ ጋሽ አብዱልሐሊም ናቸው። ጠባቂነቱን ከአባታቸው ነው የወረሱት፤ ጠመንጃም ደሞዝም የለውም። ስራው ጠዋት ወጥቶ ዛፎቹን "አሰላሙ አለይኩም" ማለትና ከዙህር ሶላት በኋላ ቤት ገብቶ ጋደም ማለት ነው።

"ጠዋቱን አንዳንዴ ያስታጉላሉ" ትላለች ባለቤታቸው ሁሪያ። "ጋደም ማለቱን ግን፣ አላህ ይመስገን፣ አስታጉለውት አያውቁም።"

የሁሪያ ስራ ውሃ ነው። ምንጩ የሚገኘው ከጋራው ጀርባ ስለሆነ፣ ቢጫ ጀሪካኗን አዝላ ጋራውን ዞራ ትሄዳለች፣ ዞራ ትመጣለች። ገመዱ ትከሻዋ ላይ መንገድ አውጥቷል። ጋሽ አብዱልሐሊም ያንን መንገድ ባዩ ቁጥር አይናቸው ወደ መስጊዱ ዞር ይላል፣ እዚያ የተጠሩ ይመስል።

ካርቦን የሚባለው ነገር መንደሩ የገባው በሚስባህ በኩል ነው። ሚስባህ ድሮ መርሳ ላይ የሽንኩርት ደላላ ነበር፤ አሁን የጋራው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኗል። አንድ ጁምዓ ሰዉን ከመስጊዱ ደጅ ሰበሰበና የአንድ ኩባንያ ስም ጠራ። ስሙ ማስነጠስ ስለሚመስል ከኋላ የተቀመጡት ባንድ አፍ "የርሐሙከላህ" አሉት።

"አላነጠስኩም!" አለ ሚስባህ። "የኩባንያው ስም ነው። አውሮፕላን ያበራል። ሲያበር ሰማዩን ያጨሳል፤ ያጨሰውን የሚውጥለት ዛፍ ይፈልጋል። የኛ ዛፍ የሚውጠውን ሊገዛን ነው።"

"ምኑን?"

"አየሩን።"

"በምን ጭኖ ሊወስደው?"

"አይወስደውም። እዚሁ ይቀመጣል።"

"አሃ፣ አየር ባየር ነው በለና!" አለ አንዱ፤ ሰዉ ሳቀ። ሚስባህ ብቻ አልሳቀም። በሽንኩርቱ ዘመን በዚሁ ቃል ተከሶ ታስሮ ያውቃል።

ሳቁ ሲበርድ ሚስባህ ዋናውን ነገር አመጣ። በሚከፈለው ብር ምንጩ በቧንቧ ጋራውን ይዞራል፣ እመንደሩ መሃል ቦኖ ይተከላል። ይህን ሲል በሴቶቹ በኩል ሁሪያ ቀና አለች። ቀና ስትል ጋሽ አብዱልሐሊም አዩዋት። መስጊዱ ከጀርባቸው ስለነበር አይናቸውን የሚያዞሩበት አላገኙም።

"አንድ ችግር አለ" አለ ሚስባህ። "ኩባንያው የሚከፍለው ሊጠፋ ለነበረ ደን ነው። የኛ ጋራ ደግሞ የማይጠፋ ነው። ማንም አይነካውም። ላልታመመ ሰው መድኃኒት የሚገዛ የለም።"

"እና ምን ይሻላል?"

"መታመም ነዋ። ከውጭ አጣሪ ይመጣል፤ ኦዲተር ይሉታል። ፕሮጀክቱ ባይመጣ ይህ ጋራ ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል። እኛም እንቆርጠዋለን እንላለን። ሌላ ምንም የለውም። አንድ ቃል ነው።"

በዚህች አንዲት ቃል ላይ ልምምድ ተጀመረ። ሚስባህ ከመርሳ መጥረቢያ አስመጣ፤ በመንደሩ ያለው ሽንኩርት የሚልጥ እንጂ ዋንዛ የሚጥል አልነበረም። ሰዉ መጥረቢያውን በትከሻው አድርጎ የደን ጠላት ለመምሰል ታገለ። አንዱን "ኮስተር በል" ሲሉት፣ የተበደረ ሰው እንጂ ጨካኝ አልመስል አለ። በመጨረሻ ተራው የጠባቂው ሆነ። ኦዲተሩ ከሁሉም በላይ የሚያምነው ጠባቂውን ነው ተብሏል። ሚስባህ ኦዲተር ሆኖ ዱካ ላይ ተቀመጠ፣ ድምፁንም ወደ አፍንጫው አመጣው።

"ፕሮጀክቱ ባይመጣ፣ ይህ ጋራ ምን ይሆናል?"

"እንቆርጠዋለን፣ ኢንሻ..." አሉና ጋሽ አብዱልሐሊም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሰዉ "አስተግፊሩላህ!" አለ።

ሚስባህ ለአፍታ አልገባውም ነበር፤ ሲገባው ዱካው ቆረቆረው። ነገ የሚሆን ነገር ተናግሮ ኢንሻአላህ ያላለ ሰው በዚያ አገር የለም። ነገ ገበያ እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ። ከሰዓት እተኛለሁ፣ ኢንሻአላህ። አሁን ግን ኢንሻአላህ ካሉ፣ የሼሁን ጋራ ለማስቆረጥ አላህን መለመን ሆነ። ካላሉ ደግሞ ነገን ያለ አላህ በራሳቸው እጅ ማድረግ ሆነ። ዓረፍተ ነገሩ ከፊቱም ከኋላውም መውጫ አልነበረውም።

"በሆድዎ ይበሉታ፣ ጋሼ" አለ ሚስባህ። "በአፍዎ እንቆርጠዋለን ይበሉ፤ በሆድዎ ኢንሻአላህ አንቆርጠውም ይበሉ።"

"ለአላህ በሹክሹክታ፣ ለፈረንጁ በጩኸት?"

ደላላ መልስ ሲያጣ ማየት ብርቅ ነውና፣ ሰዉ ሚስባህን ጥቂት ሲያየው ቆይቶ ተበተነ።

ጋሽ አብዱልሐሊም ቤት ሲገቡ ሁሪያ ጀሪካኑን እያጠበች ነበር። ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል።

"አልቻልኩም" አሏት።

"ሰምቻለሁ።"

"ምላሴ እምቢ አለ።"

"ጥሩ ምላስ ነው" አለች ሁሪያ፣ ቀና ሳትል። "ምላስዎን ይዘው ጀነት ይግቡ። እኔ ጀሪካኔን ይዤ እከተልዎታለሁ።"

ዙህርን ሰግደው ጋደም አሉ። ያን ቀን ህልሙ መጣ።

በህልማቸው ጋራው ላይ ናቸው፤ ጉሙ ግን ከላይ ሳይሆን ከስር፣ ከመሬቱ ይወጣል። እጃቸው ላይ መጥረቢያ አለ፣ እንደ ሙስበሃ መቁጠሪያ የቀለለ። ወይራውን ነካ ሲያደርጉት ወይራው አልጮኸም፣ አልተሰነጠቀም፤ ሱጁድ እንደሚወርድ ሰው ጎንበስ ብሎ ግንባሩን መሬት አስነካ። ቀጥሎ ዋንዛው ወረደ። ቀጥሎ ዶቅማው። ረድፉ ሁሉ ባንድ ላይ ወረደ፣ ጁምዓ ይመስል። ጋሽ አብዱልሐሊም "አላሁ አክበር" የሚላቸውን ኢማም ጠበቁ፤ እንዲነሱ። ኢማም አልነበረም። ዛፎቹም አልተነሱ። ጋራው ከሐጅ እንደተመለሰ ሰው ራስ ተላጨ። በየጉቶው ቦታ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል፤ ውሃው ከታች ወደ ላይ፣ አቀበቱን እየወጣ፣ ቀስ እያለ ይሞላቸዋል።

ሲነቁ ላብ አጥምቋቸዋል። ሁሪያ "ምን ሆኑ?" አለቻቸው። ክፉ ህልም ለሰው አይነገርም፤ የተነገረ እንደሆነ እግር ያወጣል፣ አድራሻም ያገኛል። ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ ወደ ጋራው ወጡ። ወይራው አለ። ዋንዛው አለ። ወይራው ስር ቆመው ግንዱን በመዳፋቸው ያዙትና፣ በድለው እንዳገኙት ጎረቤት፣ "አውፍ በለኝ" አሉት። ወይራው ዝም አለ። ዝምታው የይቅርታ ይሁን የቂም፣ የወይራ ነገር አይታወቅም።

በማግስቱም አዩት። በሌላውም ቀን። ከዙህር እስከ አስር ሶላት በህልማቸው ጋራውን ሲያወርዱ ይውላሉ፣ ከአስር በኋላ ወጥተው ዛፎቹን አውፍ በሉኝ ይላሉ። ሁሪያ ባሏ እንዲህ ሲመላለሱ አይታ አታውቅምና፣ "ዛፍ አገቡብኝ እንዴ?" አለቻቸው።

ኦዲተሩ የመጣው ጉሙ እስከ መስጊዱ ሚናራ በወረደበት ጠዋት ነው። መኪናዋ ስትመጣ አልታየችም፤ ድንገት ከነጭ ነገር ውስጥ ወጣች። ኦዲተሩ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው ነው። አስተርጓሚዋ ሳሚራ የምትባል፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች የሐራ ልጅ ናት። ከጋራው ወገብ፣ ዋንዛዎቹ ስር፣ ሰሌን ተነጠፈ። ባለ መጥረቢያዎቹ በአንድ በኩል ተደረደሩ። ከአንዱ መጥረቢያ ላይ የሱቁ ወረቀት ገና አልተላጠም።

ሚስባህ ቀድሞ ተናገረ፤ አበዛውም። እንቆርጠዋለን አለ፣ እናከስለዋለን አለ፣ ሥሩን ነቅለን እንሸጠዋለን አለ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ከኋላው ያሉት ባለ መጥረቢያዎች ራሳቸው ደንግጠው ተያዩ። ኦዲተሩ ዛፎቹን ቀና ብሎ ሲያይ ቆየና አንድ ነገር አለ።

"እንደዚህ የተጠበቀ ደን አይቼ አላውቅም ይላል" አለች ሳሚራ።

"ምን ነው ታዲያ ፊቱ የከፋው?" አለ ሚስባህ።

"ለዚያ ነዋ የከፋው። የተጠበቀ ከሆነ አደጋ የለበትም፤ አደጋ ከሌለበት የሚገዛው ነገር የለም። ጠባቂውን ልጠይቅ ይላል።"

ሰዉ ሁሉ ወደ ጋሽ አብዱልሐሊም ዞረ። ጉሙ በዛፎቹ መሃል ወደ ላይም ወደ ታችም የማይል ሆኖ ቆሟል። ከዚያ ጉም ውስጥ ሁሪያ ወጣች። ከምንጩ መመለሷ ነው፤ መንገዷ በዚያ አልነበረም፣ በዚያ አደረገችው። ሙሉውን ጀሪካን እንዳዘለች መጥታ ከባሏ ፊት ለፊት ቆመች። አላወረደችውም። ገመዱ ብቻ ትከሻዋ ላይ እንደ በር ሲጥ ይላል።

"አባባ" አለች ሳሚራ፣ "ፕሮጀክቱ ባይመጣ ይህ ጋራ ምን ይሆናል ይልዎታል።"

ጋሽ አብዱልሐሊም ምላሳቸውን ፈለጉት። እንቆርጠዋለን የሚለው ቃል ጉሮሯቸው ላይ ደርሶ ኢንሻአላህን ጠበቀ፤ ኢንሻአላህ አልመጣም። ገመዱ ሲጥ አለ። ያን ጊዜ፣ ሳያስቡት፣ ሌላ በር ታያቸው። ሆኖ ያለፈ ነገር ኢንሻአላህ አይፈልግም። ኢንሻአላህ የሚፈልገው ገና የሚሆን ነው።

"ተቆርጧል" አሉ።

ሚስባህ አይኑን ጨፈነ። ሳሚራ በሹክሹክታ፣ "አባባ፣ የጠየቀዎ ስለ ወደፊቱ ነው" አለቻቸው።

"የወደፊቱን አላውቅም፣ ልጄ። የሆነውን ልንገረው። ትናንት ከዙህር በኋላ ተቆርጧል። ከትናንት ወዲያም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።"

ሳሚራ ዋንዛውን ቀና ብላ አየች፤ ቅጠሉ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። "በህልምዎ ነው?"

"በህልሜ ነው። እንደ ህልም አርገሽ ንገሪው፤ እንዳትዋሺብኝ።"

ሳሚራ ነገረችው። ኦዲተሩ ይስቃል ብለው ሁሉም ጠበቁ፤ ሚስባህማ ቀድሞ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ሰውዬው ግን መነፅሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ ከዚያም ዝግ ባለ ድምፅ ረጅም ነገር ተናገረ። ሳሚራ ለመተርጎም ጥቂት ፈጀባት።

"የሱም ስራ ይኸው ነው ይላል። አገሩ ቢሮው ቁጭ ብሎ የሌለ ጋራ ያያል። እኛ ባንመጣ ኖሮ የሚኖረውን፣ የተመለጠውን ጋራ። ያንን ከቆመው ደን ጋር ያስተያያል። ኩባንያው የሚገዛው በሁለቱ መሃል ያለውን ልዩነት ነው። እስከ ዛሬ ግን ያንን የሌለውን ጋራ በአይኑ ያየ ሰው አላገኘሁም ይላል። ሁሉም እንቆርጠዋለን ይለኛል፤ ማንም አላየውም። በሞቴ፣ ምን እንደሚመስል ይንገሩኝ ይላል።"

"በሞቴ አለ?"

"በሞቴ እንኳ አላለም። ፊቱ ግን እንደዚያ ነው ያለው።"

ጋሽ አብዱልሐሊም የቆሙትን ዛፎች አዩ። እዚያው ስራቸው ተቀምጠው፣ እየሰሟቸው፣ ሊናገሩት ነው። ሁሪያን አዩ። ሁሪያ አሁንም አላወረደችም።

ተናገሩት። መጀመሪያ የትኛው ወይራ እንደወረደ፣ እንዴት ግንባሩን እንዳስነካ፣ ረድፉ እንዴት እንደተከተለ። ኦዲተሩ ከየት ወገን እንደተጀመረ ጠየቀ፤ በፀሐይ መግቢያ በኩል ነው አሉት። መቃብሩ ቀረ ወይ አለ፤ ብቻውን ቀረ አሉት። አፈሩስ አለ፤ ከስር ጉም ይወጣበታል አሉት፣ እሱም አፈሩ መጋለጡን ጻፈ። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ከላይ ቅጠል የወረደ ይመስላቸውና ቀና ይላሉ። ጀሪካኖቹ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ጠፋ። ያን ጊዜ ሁሪያ ቀስ ብላ ወገቧን አጥፋ ጀሪካኑን ሰሌኑ ዳር አሳረፈች። "ጨርሰዋል" አለቻት ሳሚራን። "ከዚህ ወዲያ ያለው የጀሪካን ነገር የኔ ነው።"

መልሱ በመጣ ጊዜ ሚስባህ ከወልድያ ለጋሽ አብዱልሐሊም ስልክ ደወለ፤ ድምፁ ሽንኩርት የተወደደበት ቀን ይመስል ነበር። ጋራው ይቆረጣል የሚለው ስጋት ታምኖበታል። ቧንቧው በሁለት ዙር ይዘረጋል፤ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ደግሞ ኦዲተሩ በዓመቱ ተመልሶ ስጋቱ አሁንም እንዳለ ሲያረጋግጥ።

"እንዴት አርጎ ነው የሚያረጋግጠው?" አሉ ጋሽ አብዱልሐሊም።

"እርስዎን ይጠይቃላ፣ ጋሼ። አሁንም ያዩታል ወይ ብሎ።"

የመንደሩ ኑሮ ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። ዙህር ተሰግዶ ካበቃ ድምፅ የሚያሰማ የለም። ወፍጮው እስከ አስር ይቆማል። አንድ ወጠጤ በዚያ ሰዓት ቢጮህ ባለቤቱ ካሳ የሚጠየቅ ይመስል ሮጦ አፉን ይይዘዋል። ሚስባህ፣ እንቅልፍ ያመጣል እየተባለ፣ ከመርሳ ማንጎ በሻንጣ ይልካል። ጋሽ አብዱልሐሊም ከአስር በኋላ ወደ ጋራው ሲወጡ መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ፣ "ጋሼ፣ ዛሬስ?" ይላቸዋል።

"ተቆረጠ።"

"አልሐምዱሊላህ!" ይላል ሰውየው፣ ከልቡ።

እሳቸው ይወጣሉ። በወይራው ይጀምራሉ፤ በየግንዱ ላይ መዳፋቸውን እያሳረፉ አውፍ በሉኝ ይላሉ። በደሉ በየቀኑ አዲስ ስለሆነ የትናንቱ ይቅርታ ለዛሬ አያገለግልም። ዛፎቹ እየበዙ ሄዱ፣ ወይም ጉልበታቸው እያነሰ። አንዳንድ ቀን መግሪብ ሶላት እዚያው ጋራው ላይ ይደርስባቸዋል። ሰግደው ሲጨርሱ፣ በህልማቸው ያወረዷቸው ዛፎች በዙሪያቸው ቀጥ ብለው ቆመው ያገኟቸዋል። ማን ለማን እንደሚሰግድ ለጥቂት ጊዜ ይጠፋቸዋል።

የመጀመሪያው ቧንቧ መጥቶ ተቀበረ። ከምንጩ ተነስቶ ጋራውን በግማሽ ዞረና፣ አንድ ዶቅማ ስር ሲደርስ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ቆመ። ሁሪያ አሁን የምትሄደው ግማሽ መንገድ ነው። ግማሽ መንገድ ከሙሉ መንገድ ይብስ ጀመር፤ የቀረው ግማሽ ዕለት ዕለት በአይኗ ይመጣባታል።

ዓመቱ ሊሞላ ቀረብ አለ። ሳሚራ ደውላ፣ ኦዲተሩ አዲስ አበባ ገብቷል፣ በሳምንቱ እዚያው ነን አለች። በዚያው ቀን ጋሽ አብዱልሐሊም ዙህርን ሰግደው፣ ማንጎ በልተው ጋደም አሉ።

ጋራው ላይ ናቸው። እጃቸው ባዶ ነው። ጉሙ ተገፏል፤ ከመቃብሩ እስከ ግርጌው ወይራው፣ ዋንዛው፣ ዶቅማው ቆሟል፣ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይታያል። የሚያጎነብስ የለም። ነፋስ ሲያልፍ ዛፎቹ ወደ ቀኝ ዞሩ፣ ወደ ግራ ዞሩ፣ ሶላት ጨርሶ እንደሚያሰላምት ሰው። "አውፍ" የሚል ድምፅ ከአንደኛው ዛፍ ወደ ሌላው እየተቀባበለ መጥቶ እሳቸው ዘንድ ደረሰ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ህልም አይተው አያውቁም።

ሲነቁ ሁሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ፈገግታቸው ገና ከፊታቸው አልወረደም። ሁሪያ ፈገግታውን አይታ ደረቷን ያዘች።

"ምን አዩ?"

"ሁሉም አለ፣ ሁሪያ" አሉ። "ሁሉም ቆሟል። አንድ ቅጠል አልጎደለም። አውፍ አሉኝ።"

ሁሪያ ዘንድሮ እንዲህ ፊታቸው ሲበራ ያየችው አሁን ነው። እጇን ወደ ጉንጫቸው ላከች፣ ዳሰሰቻቸውም። ከዚያ እጇ ተመልሶ ትከሻዋ ላይ፣ ገመዱ ካወጣው መንገድ ላይ አረፈ።

"ለሰው እንዳይነግሩ" አለች። "በግራዎ እንትፍ ይበሉ።"

"ደግ ህልም እኮ ነው!"

"እንትፍ ይበሉ አልኩ።"

ክፉ ህልም ያየ ሰው እንደሚያደርገው፣ በግራ ትከሻቸው በኩል ሦስት ጊዜ በደረቁ እንትፍ አሉ። ክፉ ህልም ያየ ሰው እንደሚያደርገውም ጎናቸውን ለወጡ፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳው፣ ጀርባቸው ወደ ጋራው ሆነ። ሁሪያ ጋቢውን እስከ ጆሯቸው ሳበችላቸው።

"አስር ገና ነው" አለች። "ይተኙ።"

በሩን ገርበብ አድርጋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና፣ በዚያ የሚያልፈውን ሁሉ በጣቷ ዝም ታሰኝ ጀመር።